የፀሐይ ነጠብጣብ ሲወዛወዝ፦ ወረቀት ላይ የሚርገበገበው እና በጠፈር ቴሌስኮፕ የሚለካው

የቀረበው ጥያቄ፦ «ጎንደር ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቼ ጋር ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ በአነስተኛ ቴሌስኮፕ የፀሐይን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ጥለን ስንመለከት አንድ ትልቅ ጥቁር ነጠብጣብ አየን፤ ጠርዙም ያለማቋረጥ ይርገበገብ ነበር። አንዲት ተማሪ የፀሐይ ነጠብጣቦች እንደሚወዛወዙ ማንበቧን ነግራን፣ ያየነው እሱ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔም እርግጠኛ መልስ አጣሁላት። ያየነው የነጠብጣቡን መወዛወዝ ነው? ካልሆነስ በጠፈር ቴሌስኮፕ የሚታየው እንዴት ነው? እኛስ እዚሁ ሆነን ልናየው እንችላለን?»

የተከበሩ መምህር፦

ወረቀቱ ላይ ሲርገበገብ ያያችሁት የጎንደር አየር እንጂ ነጠብጣቡ አልነበረም። ይህን ስል ግን የተማሪዎን ጥያቄ ማቃለሌ አይደለም፤ ነጠብጣቦቹ በእርግጥ ይወዛወዛሉ፣ እኔም ለዓመታት የሠራሁት በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው፤ ጥያቄው ተወልጄ ካደግሁበት ከተማ መምጣቱም እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። ከፀሐይ የመጣውን እንቅስቃሴ ከሌላው ለይቶ ማወቅ የዚህ ሙያ የመጀመሪያው ትምህርት ስለሆነ ከዚያው እጀምራለሁ።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ግቢ፣ አስፋልቱና የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ስለሚግል ሞቃቱ አየር እየተቆራረጠ ወደ ላይ ይወጣል። በተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ላይ አሻግረን ስናይ ከማዶ ያለው ግድግዳ የሚንቀጠቀጥ እንደሚመስለው ሁሉ፣ የፀሐይዋም ብርሃን በሞቃትና በቀዝቃዛ አየር ቅልቅል ውስጥ ሲያልፍ በየቅጽበቱ አቅጣጫውን በጥቂቱ ይለውጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በሚቀጥለው ጊዜ ነጠብጣቡን ተዉትና የፀሐይዋን ክብ ጠርዝ ተመልከቱ፤ ጠርዙም እንደ ነጠብጣቡ በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚርገበገብ ከሆነ፣ መንስኤው ነጠብጣቡ ውስጥ ሊሆን አይችልም። ከዚያም መሬቱ ሳይግል ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሙከራውን ድገሙት፤ ምስሉን ከቀትሩ ይልቅ ረጋ ብሎ ታገኙት ይሆናል። ምስሉን ወረቀት ላይ መጣላችሁ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ልጆቹ ግን ወረቀቱን እንጂ በቴሌስኮፑ ውስጥ ፀሐይን በምንም ምክንያት እንዳያዩ አደራ እላለሁ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለው እይታ በቅጽበት ዓይንን ለዘለቄታው ይጎዳል።

እውነተኛውን ውዝወዛ ለመረዳት ደግሞ ነጠብጣቡ ራሱ ምን እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ፎቶስፌር የምንለው የፀሐይዋ የሚታይ ገጽ ወደ 5,800 ኬልቪን የሚደርስ ሙቀት ሲኖረው፣ የነጠብጣቡ ጥቁር እምብርት ግን 4,000 ኬልቪን ገደማ ነው፤ ጥቁር መስሎ የሚታየንም ብርሃን ስለሌለው ሳይሆን ከዙሪያው ስለሚቀዘቅዝ ነው። ያቀዘቀዘው ማግኔታዊ መስክ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጆርጅ ኤለሪ ሄል እ.ኤ.አ. በ1908 በካሊፎርኒያው የማውንት ዊልሰን የምልከታ ጣቢያ ሆኖ እንዳሳየው፣ ነጠብጣብ ማለት ብርቱ ማግኔታዊ መስክ ከፀሐይዋ ውስጥ ጥሶ የወጣበት ሥፍራ ነው፤ በእምብርቱ ላይ የመስኩ ጥንካሬ ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 4,000 ጋውስ ሲደርስ፣ ኮምፓሳችንን የሚያዞረው የምድር መስክ ግን አንድ ጋውስ እንኳ አይሞላም። ይህ መስክ ከሥር የሚፈላው ጋዝ ሙቀቱን እንደልቡ ይዞ እንዳይወጣ ያግደዋል። እምብርቱን ደግሞ ጥለት ነጠላን እንደሚከብ ፔነምብራ የሚባለው፣ ፈዘዝ ያለና በቀጫጭን ክሮች የተሞላ ቀለበት ይከበዋል። በእምብርቱ መሃል መስኩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በፔነምብራው ግን ወደ ውጭ በሄድን ቁጥር ወደ ጎን እየተኛ ይሄዳል። ይህን የመስኩን ማዘንበል ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ የሚወዛወዘው በዚህ መስክ ውስጥ ያለው ጋዝ ነው። ነጠብጣቡ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አይወዛወዝም፤ በእምብርቱ ላይ ያለው ጋዝ የመስኩን መስመሮች ተከትሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፣ ሲታመቅ ይፈካል፣ ሲላላ ይፈዛል። በፎቶስፌሩ ላይ የዚህ ምልልስ የዑደት ጊዜ 5 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ባለው ክሮሞስፌር በተባለው ሽፋን ግን 3 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። በታች ያለው እንቅስቃሴ እጅግ ደካማ ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 100 ሜትር ቢሆን እንኳ፣ በዶፕለር ሕግ መሠረት የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት የሚለውጠው በአንድ ሚሊዮንኛ ሲሶ ብቻ ነው። በክሮሞስፌር ግን ፍጥነቱ በሰከንድ ብዙ ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ይህ የታወቀው ጠፈር ላይ ቴሌስኮፕ ከመሰቀሉ በፊት ነው። የፊዚክስ ተመራማሪው ሮበርት ሌይተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፀሐይዋ ገጽ በሙሉ በ5 ደቂቃ ዑደት እንደሚወዛወዝ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1969 ተመራማሪዎቹ ቤከርስና ታላንት በካልሲየም ብርሃን ሲመለከቱ በነጠብጣብ እምብርት ውስጥ በየ3 ደቂቃው ገደማ ብልጭ ብለው የሚጠፉ ትናንሽ ፍካቶችን አዩ፤ በ1972 ደግሞ ከእምብርቱ ጠርዝ ተነሥተው በፔነምብራው ላይ ወደ ውጭ የሚሮጡ ሞገዶች ታዩ። እነዚህ ሦስቱ ለብዙ ጊዜ እንደ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሲቆጠሩ ቆይተዋል፤ ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ከሥር ወደ ላይ የሚወጡ የአንድ ዓይነት ሞገዶች ልዩ ልዩ ገጽታዎች አድርገን እንወስዳቸዋለን።

ከታች 5፣ ከላይ 3 ደቂቃ የሆነው ለምንድን ነው? የፊዚክስ መምህር ስለሆኑ ይህን ክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያሰሉት ይችላሉ፤ እኔም ከጉዳዩ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። በስበት ተስቦ በተነባበረ ጋዝ ውስጥ የድምፅ ሞገድ ወደ ላይ መጓዝ የሚችለው የዑደት ጊዜው ከአንድ ገደብ ሲያጥር ብቻ ነው፤ ከገደቡ የረዘመው ሞገድ ጋዙን በጅምላ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አልፎ አይሄድም። ገደቡን ለማግኘት የድምፅን ፍጥነት በ4 እና በፓይ ያባዙ፤ ከዚያም የጋዙ ሁለት የሙቀት አቅሞች (በቋሚ ግፊትና በቋሚ ይዘት የሚለኩት) ንጽጽር በሆነው በ1.67 እና በፀሐይዋ ገጽ የስበት ፍጥንጥነት ብዜት ያካፍሉ። የስበቱ ፍጥንጥነት በሰከንድ ካሬ 274 ሜትር ነው፤ 4,000 ኬልቪን ሙቀት ባለው የእምብርት ጋዝ ውስጥ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 6.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ውጤቱ 179 ሰከንድ ነው፤ 3 ደቂቃ ሊሞላ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ማለት ነው። ከታች የሚመጣው ጉልበት በአብዛኛው 5 ደቂቃ አካባቢ የሚገኝ ቢሆንም ቀዝቃዛው ሽፋን እሱን አግዶ አጫጭሩን ያሳልፋል፤ ካለፈውም ውስጥ ብርቱው ለገደቡ የቀረበው ስለሆነ ላይ ስንደርስ 3 ደቂቃው ገኖ ይታያል። ከበሮ በምንም ዓይነት ምት ቢመታ በራሱ ድምፅ እንደሚመልስ ሁሉ፣ የተነባበረውም ጋዝ ከታች ሲገፋ በዚሁ በገደቡ ዑደት የመመለስ ጠባይ አለው። ሞገዱ ክሮሞስፌር ውስጥ በላይኛውና በታችኛው ወሰን መካከል ታጥሮ እየተመላለሰ ይጠናከራል የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ፤ ሁለቱ ማብራሪያዎች ግን የሚጣሉ አይመስለኝም።

አሁን ወደ መስኩ ማዘንበል ልመለስ። ሞገዱ የመስኩን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ፣ መስመሩ ባዘነበለ መጠን የሚጎትተው የስበት ክፍል ይቀንሳል፤ የገደቡም ጊዜ ይረዝማል። ስበቱን በማዘንበያው ማዕዘን ኮሳይን አባዝተው ቢያሰሉ፣ ከቀጥታው 53 ዲግሪ ገደማ ባዘነበለ መስመር ላይ ገደቡ 300 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ደቂቃ ሆኖ ያገኙታል። ስለዚህ ከእምብርቱ ወደ ፔነምብራው በተጓዝን ቁጥር የዑደቱ ጊዜ ከ3 ወደ 5 ደቂቃና ከዚያም በላይ እየረዘመ መሄዱ የሚያስገርም አይደለም። የሚሮጡ የሚመስሉት ሞገዶችም በዚሁ ይብራራሉ፦ ባዘነበለው መስመር የሚመጣው ሞገድ ረዘም ያለ መንገድ ስላለው ዘግይቶ ይደርሳል፤ እኛም ከላይ ሆነን ስናይ ፍካቱ በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውጭ የሚሮጥ ይመስለናል። በጥምቀት ጧት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ እልልታው ከውኃው ዳር ተነሥቶ እስከ ግንቡ አጥር ድረስ ተራ በተራ ሲተላለፍ ሰምተው ያውቁ ይሆናል፤ እልልታው ተጉዟል፣ እናቶች ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። በፔነምብራውም ላይ የሚጓዘው የመድረሻው ሰዓት ነው።

የጠፈር ቴሌስኮፕ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ በኋላ ለመረዳት አያስቸግርም። በፀሐይዋ ርቀት አንድ የማዕዘን ሰከንድ፣ ማለትም የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል፣ 725 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የቀን አየር ደግሞ ምስሉን ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ያደበዝዘዋል። መሬት ላይ ያሉት ታላላቅ የፀሐይ ቴሌስኮፖች ይህን መንቀጥቀጥ በሚያርሙ መስተዋቶች ዛሬ ከጠፈር ከተሰቀሉት የበለጠ ጥራት ያለው ምስል ያነሣሉ፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ጀንበር ትጠልቃለች፣ ደመና ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የክሮሞስፌሩን የላይኛ ክፍልና ኮሮና የሚባለውን የፀሐይዋን የውጭ ከባቢ ነገር የሚነግረን አልትራቫዮሌት ብርሃን በአየራችን ተውጦ ስለሚቀር መሬት አይደርስም። ፀሐይን የሚመለከቱት ሳተላይቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመጠቀው ትሬስ፣ በ2006 የተመጠቀው የጃፓን ሂኖዴ፣ በ2010 የተመጠቀው ኤስዲኦ እና በ2013 የተመጠቀው አይሪስ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይህን ክፍተት ሞልተዋል።

ከእነዚህ ውስጥ አይሪስ ለውዝወዛ ጥናት ያመጣውን በቅርበት ላሳይዎ። መሣሪያው ብርሃኑን በጠባብ ስንጥቅ አስገብቶ ይተነትነዋል፤ ስንጥቁ በእምብርቱ ላይ ጸንቶ ሲቆም፣ በ279.6 ናኖሜትር ያለውን የማግኒዥየም መስመር (ማግኒዥየም በተተነተነው ብርሃን ላይ የሚተወውን ምልክት) በየጥቂት ሰከንዱ እየመዘገበ ይቀጥላል። መዝገቦቹን እርስ በርስ ደርድረን ጊዜውን በአንድ በኩል፣ የሞገድ ርዝመቱን በሌላ በኩል ስናደርግ የምናየው ለስላሳ ማዕበል አይደለም፤ የመጋዝ ጥርስ ነው። መስመሩ በድንገት ወደ ሰማያዊው ወገን ይዘላል (ጋዙ ወደ እኛ ሲመጣ ማለት ነው)፣ ይፈካልም፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ ደቂቃዎች እየወሰደ፣ ወደ ቀዩ ወገን ያዘነብላል፤ ከዚያ እንደገና ይዘላል። ከፎቶስፌር ወደ ላይ ስንወጣ የጋዙ እፍጋት እጅግ ስለሚያንስ፣ ያንኑ ጉልበት የተሸከመው ሞገድ እየገዘፈ ሄዶ ፊቱ ቀጥ ወዳለ፣ ሾክ ወደሚባለው ሞገድ ይለወጣል፤ ጋዙ በአንድ ምት ወደ ላይ ይወረወርና በስበት ተስቦ ይወድቃል። ቤከርስና ታላንት ያዩዋቸው ብልጭታዎችም የዚህ ምት ፍካት ናቸው። ይህን ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሴ መረጃ ሳወጣ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም፤ ጥርሶቹ እኩል ተራርቀው ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈው ነበር፣ የእያንዳንዱም ወርድ 3 ደቂቃ ያህል ነበር።

እናንተ ከጎንደር ሆናችሁ ልትሠሩበት የምትችሉት ግን የኤስዲኦ መረጃ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ሳተላይት መላዋን ፀሐይ በጽንፈኛው አልትራቫዮሌት በየ12 ሰከንዱ ያነሣታል፤ እያንዳንዱ ምስል 4,096 በ4,096 ነጥቦች ሲኖሩት፣ አንዱ ነጥብ 0.6 የማዕዘን ሰከንድ ወይም 435 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። መረጃው ለማንም ክፍት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ካለው ማዕከል በኢሜይል ብቻ ተመዝግቦ በነፃ ይወሰዳል። ሙሉውን ምስል ማውረድ ኢንተርኔታችሁን ያደክማል፣ አያስፈልግምም፤ ነጠብጣቡ ያለበትን 200 በ200 የማዕዘን ሰከንድ ብቻ ቆርጦ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ለመጀመሪያ ልምምድ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 2010 የነበረውን፣ ቁጥሩ 11131 የሆነውን ነጠብጣብ እመክራለሁ፤ የ3 ደቂቃው ውዝወዛ በሚገባ የተጠናበት ነው። የአንድ ሰዓት መረጃ በ304 አንግስትሮም (አንድ አንግስትሮም የናኖሜትር አሥረኛ ነው) ስትወስዱ 300 ምስሎች ታገኛላችሁ። በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ግን ለጥቂት ሳምንታት ሳተላይቱ በየቀኑ በምድር ጥላ ውስጥ ስለሚያልፍ ክፍተት ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

ምስሎቹን ከያዛችሁ በኋላ መጀመሪያ የፀሐይዋን መዞር ማረም ግድ ነው። በፀሐይዋ መካከል ያለ ነጠብጣብ በሰዓት ወደ 10 የማዕዘን ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 16 ነጥቦች ስለሚጓዝ፣ ካልታረመ አንድ ነጥብ ላይ የምትለኩት ብርሃን ከእምብርቱ ወጥቶ ፔነምብራው ላይ ያርፋል። እያንዳንዱን ምስል ለተነሣበት የብርሃን መቀበያ ጊዜም ማካፈል አለባችሁ፤ በተለይ የፀሐይ ፍንዳታ ሲኖር መሣሪያው ይህን ጊዜ በራሱ ያሳጥራል፣ ይህን ሳያስተውል የቀረ ሰው የመሣሪያውን ፈረቃ የፀሐይዋ ዑደት አድርጎ ሊዘግብ ይችላል። ከዚያም የእምብርቱን አማካይ ብርሃን በጊዜ ቅደም ተከተል አስቀምጣችሁ ፉሪየር ትንተና፣ ማለትም ውዝወዛውን በየድግግሞሹ ለይቶ የሚያሳየውን ስሌት፣ ሥሩበት፤ ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈው ነፃው ሰንፓይ መረጃውን ለማዘጋጀት ይረዳችኋል። የአንድ ሰዓት መረጃ ድግግሞሽን እስከ 0.28 ሚሊኸርትዝ ድረስ ይለያል፤ 3 ደቂቃ 5.6 ሚሊኸርትዝ፣ 5 ደቂቃ 3.3 ሚሊኸርትዝ ስለሆኑ ሁለቱ አይምታቱባችሁም። ያንኑ ሥፍራ በ1700 አንግስትሮም ብታነጻጽሩት ደግሞ የታችኛው ሽፋን ፍካት ከላይኛው ቀድሞ እንደሚመጣ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ሞገዱ ወደ ላይ መውጣቱን በገዛ ዓይን ማየት ማለት ይህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከራሴ ልጨምር፤ ለተማሪዎ ጥያቄም ዋናው መልስ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ተማሪ ሳለሁ ከመረጃው ላይ ቀስ ብሎ የሚለወጠውን ክፍል ለማስወገድ የ6 ደቂቃ ተንሸራታች አማካይ አስልቼ ቀነስሁ፤ በየቦታው፣ ነጠብጣብ በሌለበት ባዶ ሥፍራ ሳይቀር፣ በፉሪየር ግራፉ ላይ የ5 ደቂቃ ገደማ ጉብታ ወጣልኝ። ለቀናት ከደከምሁ በኋላ ጉብታውን በአብዛኛው የፈጠረው የእኔ ቅነሳ መሆኑ ገባኝ፤ ከአማካዩ መስኮት፣ ማለትም ከ6 ደቂቃ፣ የረዘመውን ሁሉ ቆርጦ ሲጥል፣ የቀረው ከመስኮቱ በታች ተከምሮ ዑደት መስሎ ይታያል። ወረቀት ላይ የተርገበገበው ነጠብጣብና ይህ ጉብታ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በእኛና በፀሐይዋ መካከል የተፈጠሩ ናቸው። መሣሪያዎቹም የራሳቸው ዑደት አላቸው፦ ኤስዲኦ ምድርን ሲዞር ፍጥነቱ ስለሚለዋወጥ በዶፕለርና በማግኔታዊ መስክ ልኬቶቹ ላይ የ12 እና የ24 ሰዓት ዑደት ይታያል። ስለዚህ ያገኛችሁትን ሁሉ ከነጠብጣቡ ራቅ ካለ ጸጥተኛ ሥፍራ ጋር አስተያዩት፤ የመነሻ መረጃውንም ምንም ሳትቀንሱለት ተንትኑት። የ3 ደቂቃው ጉብታ በእምብርቱ ላይ ብቻ ጎልቶ ከወጣና ሳይቀነስለትም ከታየ፣ የፀሐይዋ ነው።

የእነዚህ ሞገዶች ጥናት ለነጠብጣቡ ውስጣዊ ነገርም መስኮት ከፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪዎቹ ብራውን፣ ዱቫልና ላቦንት ነጠብጣቦች ወደ እነሱ ከሚመጣው የድምፅ ሞገድ እስከ ግማሽ ያህሉን እንደሚውጡ ማሳየታቸው ለእኔ እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚደንቀው ግኝት ነው።

ትንሿ ቴሌስኮፓችሁ በዚህ ሥራ ቦታ አላት። ክረምቱ ደመናውን ይዞ እስኪመጣ ድረስ በየጧቱ በተመሳሳይ ሰዓት ምስሉን ወረቀት ላይ ጥላችሁ በእርሳስ ንደፉት፤ ክብ የሆነ፣ ብቻውን የቆመና ወደ ፀሐይዋ መካከል የቀረበ ነጠብጣብ ስታገኙ ቀኑን መዝግቡና የዚያኑ ቀን የኤስዲኦ መረጃ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ግራፍ አትማችሁ ለጠያቂዋ ተማሪ ስጧትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጫፍ እንዳለ በጣቷ እየነካች ትቁጠር፤ ሃያ አካባቢ ልታገኝ ይገባል።